በሁሉም ሁለተኛ

ስለ ቦክስ ስከራከር መሸነፍ አልወድም። ጓንት አጥልቄ አላውቅም። በሕይወቴ የተደባደብኩት አንዴ ነው፤ እሱንም በደንብ ተደብድቤ ነው የተገላገልኩት። ይህ ግን በየቅዳሜው ሞላሌ ገበያ ዳር ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጬ፣ ዓለም ካያቸው ቦክሰኞች ሁሉ ሙሉ ቦክሰኛ የሚባለው ማን እንደሆነ ከመበየን አግዶኝ አያውቅም።

ተከራካሪዬ አብሮኝ የሚያስተምር የታሪክ መምህር ነው። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስድስት ዓመት ያንኑ አንድ ክርክር ስንከራከር ኖርን። የድሮ ግጥሚያዎችን በስልካችን ጭነን እንመጣለን፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይዳኘናል። የፈረንጅ ስማቸው ለአፋችን ስለማይመች ለቦክሰኞቹ የራሳችንን ስም አወጣንላቸው። የሱ ሰው «ግራኙ» ነው፤ የኔ «አጎንባሹ»።

የግራኙ ግራ እጅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ጓደኛዬ እንደሚለው ሙሉ ቦክሰኛ ማለት በአንድ ነገር ማንም የማይደርስበት ሰው ነው፤ ያ አንድ ነገር የቀረውን ጉድለት ሁሉ ይሸፍንለታል። እኔ የለም ባይ ነኝ። አጎንባሹን በፍጥነት የሚበልጡት አሉ። በጡጫ ኃይል የሚበልጡት አሉ። በእግር አጣጣል፣ በመከላከል፣ እስከ መጨረሻው ዙር ትንፋሽ በማቆየት የሚበልጡት አሉ። ግን በአንዱም ሦስተኛ ሆኖ አያውቅም። እነዚያን አንደኞች አንድ በአንድ ብታመጣበት፣ እያንዳንዱን በጎደለው በኩል ገብቶ ይዘርረዋል። «በሁሉም ሁለተኛ የሆነ ሰው ከአንደኞች ሁሉ አንደኛ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። እኔው የፈጠርኳት ናት፤ እኮራባት ነበር። ጓደኛዬ በሰማት ቁጥር ይስቃል።

«ሁለተኛማ ሁለተኛ ነው» ይለኛል።

ሳቁ ያንገበግበኝ ነበር። ክርክሩ ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን መልስ ሳሰላስል እውላለሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ «ልክ ነህ» እንዲለኝ እፈልግ ነበር።

አባቱ ያረፉት ባለፈው ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። አገራቸው ቀየት ከሚባለው ቦታ ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጓደኛዬ ከዚያ ደወለልኝ።

«የአባዬን የሕይወት ታሪክ አንተ ጻፍልኝ፤ አንተው አንብብልኝ» አለኝ። «እኔ ፊታቸው ቆሜ አልችልም። አንደበት ያለህ ደግሞ አንተ ነህ።»

በኛ በኩል መምህር ልጅ ያለው ሰው ወረቀት ሳይነበብለት አይቀበርም። ካልተነበበ ዘመድ ይቀየማል፤ ልጁን ለምን አስተማረው ይባላል። እሺ አልኩት። እያለቀሰ የነገረኝን ጻፍኩ። ጎበዝ ገበሬ ነበሩ። በፈረስ የጓሳን ሜዳ ያዳርሱ ነበር። ከበግ ጠጉር ባና ይሸምናሉ። የተጣላ ያስታርቃሉ። የሰንበቴው ጠላ በሳቸው ተራ ጎድሎ አያውቅም።

በስልክ ያልነገረኝ ሌላም ነገር አውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከገበያ ስንመለስ ነው ያጫወተኝ። አባቱ በወሰን ከጎረቤታቸው ጋር ተሟግተው ተረትተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሳ ዳር ላለማለፍ ብለው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ዙሪያውን ዞረው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ። «ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም» ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ስሄድ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አማረልኝ። ሰውየው ሲጠቃለሉ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን ሆነው ቁጭ አሉ። ሾፌሩ ለቅሶ እንደምሄድ ነግሬው ስለነበር ፈገግ ስል አይቶ ገርሞት ሳይሆን አይቀርም።

እዚያ ስደርስ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ በርኖሳቸው ኮርቻው ላይ ተጥሎ፣ አንድ ዘመዳቸው እየሳበ ያዞረዋል። የመጣው ሁሉ የሟችን ሙያ ጮክ ብሎ እየጠራ ይገባል። ለቅሶ ላይ ሟች ሁሉ አንደኛ ነው። በሬ መጥመድ የማይሆንለት ሰው እንኳ በሞተ ቀን አራሽ ይባላል፤ ማንም አይስቅም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። ግን የዕለቱ ዕውቀቴ ሁሉ ያቺ ወረቀት ላይ ነበር።

ፍትሐቱ አልቆ፣ አስከሬኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ቄሱ ጠሩኝ። ድምፄን ሞርጄ ጀመርኩ። የተወለዱበትን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር አነበብኩ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ።

«በእርሻ የሚበልጧቸው ነበሩ» አልኩ።

ሰዉ በደንብ ያልሰማ መስሎት ጠጋ አለ።

«በፈረስ የሚበልጧቸው ነበሩ።»

የሴቶቹ ለቅሶ ቆመ። እኔ ዝምታውን የአድናቆት ነው አልኩ። ልብስ ሰፊው ቤት እንደማደርገው ቀኝ እጄን ሁሉ አነሳሁ።

«በሙግትም የሚበልጧቸው ነበሩ።»

ያኔ የሟች እኅት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ሰውን ገፍተው ፊቴ ቆሙ።

«ማነው ወንድሜን የበለጠው?» አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ማነው? ስሙን ጥራ እንጂ!»

ቀጣዩ ቃል «ነገር ግን» የሚል ነበር። ቃሉ ዓይኔ ሥር እያለ ከአፌ አልወጣ አለ። ሕዝቡ ደግሞ እኔን ትቶ ወደ አንድ ሽማግሌ ዞሯል። በትራቸውን ተደግፈው ዳር የቆሙ ናቸው። ማን መሆናቸውን ለመረዳት ነጋሪ አላስፈለገኝም። አገሩ ሁሉ ሙግቱን ያውቀዋል፤ ግን በቀብር ቀን አፍ አውጥቶ የሚያነሳው አልነበረም። እኔ እስክመጣ ድረስ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔን ማለቱ ነው መቼም» አሉ። «እሱ አልተረታም። ዳኛው ለኔ ፈረደ እንጂ የተረታሁስ እኔ ነኝ። መሬቱ የሱ ነበር። ይኸው ሳይቀበር ልናገር።»

እውነታቸውን ይሁን፣ ወይስ ለሞተ ሰው ሲሉ የራሳቸውን ስም ማጉደፋቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኅትየው እግራቸው ላይ ወድቀው አለቀሱ። ቄሱ ወደኔ ዞረው «ጨርስ ልጄ» አሉኝ። አልቻልኩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እኒያ ደግ ሰው፣ አንድ ቀን ብቻ አግኝቻቸው እጄን ይዘው ስለ እናት አባቴ ደኅንነት የጠየቁኝ ሰው፣ የሚበልጧቸው እንደነበሩ ተነግሮላቸው ጉድጓድ ወረዱ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዘገኑልኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ጓደኛዬ ምንጣፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «እግዚአብሔር ያጥናህ» አልኩት። «አሜን» አለኝ። እስከ ሣልስት አብሬው መቀመጥ ነበረብኝ። ተማሪዎች እፈትናለሁ ብዬ የዚያኑ ቀን ተመለስኩ። የምፈትነው ፈተና አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባ። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ። እንደ ወትሮው ሰላም ይለኛል፤ ጠመኔ ሲያልቅብኝ ያቀብለኛል። ልብስ ሰፊው ቤት ግን አይመጣም። እኔም አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ፣ ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል ሲሰፋ አይቼ፣ ወሬው እንደደረሰው ገብቶኝ ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው በየቀኑ እነሳለሁ፤ በየቀኑ የእረፍት ደወል ያድነኛል።

በመጨረሻ እሱ መጣ። አንድ ቀን ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ነበር። የኪራይ ክፍሌ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ከዚያ ቀጥሎ ምን ይል ነበር?» አለኝ።

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን ከመጽሐፍ ውስጥ አወጣሁ። እጄ እርጥብ ስለነበር ዳሩ ረጠበ። ቆሜ አነበብኩለት፤ «ነገር ግን አራሹ ማስታረቅ አያውቅም፤ ፈረሰኛው መሸመን አያውቅም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም በአንድ ገላ ይዘው ኖሩ።» ከዚያ ዓረፍተ ነገሬ መጣች። እሷንም አነበብኳት።

አልሳቀም።

«ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ» አለ። «ለአባዬ ብለህ ነው የጻፍካት፣ ወይስ ለኔ?»

እውነቱ ይህ ነው። ስጽፍ የታየኝ የአባቱ ፊት አልነበረም። የሱ ፊት ነው የታየኝ። ስድስት ዓመት የሳቀባትን ነገር፣ መሳቅ በማይችልበት ቦታ፣ አገር ሁሉ ቆሞ እያዳመጠ፣ በአባቱ አስከሬን ፊት እንዲሰማት ፈልጌ ነበር። እዚያ መልስ እንደማይኖረው አውቅ ነበር። ለዚህ ብዬ በአደራ የነገረኝን የአባቱን ሽንፈት እንኳ አልማርኩትም።

«ለሳቸው ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አመነኝ።

«እንዲያ ከሆነስ ረትተኸኛል» አለ። «አባዬ እንዲያ ነበሩ። በአንዱም አንደኛ አልነበሩም፤ ግን የጎደላቸው አልነበረም። ልክ ነህ።»

እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን ሰጠሁት። ለእናቱ ሊያነብላቸው እንደሆነ ነገረኝ። በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ አስገባው። በሩ ድረስ ሸኘሁት። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ትከሻዬን አቅፎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

«አብሮ ይስጠን» አልኩት።