የእትዬ ዘሐራ አሸዋ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ኮምቦልቻ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ሆኜ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊዬ ሥራውን በተራ አሳየችኝ፦ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ የጣት ደም፣ ከዚያ እግር። "እግር ሳታዪ ሰው አታሰናብቺ" አለችኝ። በዚህ ብዙ እግር ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ።

እትዬ ዘሐራ ከሐርቡ ትመጣ ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ዐረብ አገር ናቸው። ሐርቡ ይሞቃል፣ ፍሪጅ የላትም። ኢንሱሊኑን በትንሽ ማሰሮ ከድና፣ ማሰሮውን አሸዋ በሞላ ጋን ውስጥ ትቀብረዋለች። አሸዋው እንዲቀዘቅዝ ጧትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። ጣቷን ስወጋ "አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ደም ለማን ነው የምትሸጪው?" ትለኛለች። ሰልፉ ይስቃል።

አንድ ቀን ሳትቀልድ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ስኳሯ ከልክ አልፏል።

"እትዬ፣ መድኃኒቱስ?"

"አሸዋው ደርቋል።"

"ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"ውሃማ አለ። ለማን ብዬ ልቅዳ?"

እንቅልፍ ርቋታል፣ እህል አይጥማትም። ለሐኪማችን ነገርኩት።

"ደሴ፣ አእምሮ ሕክምና እንላካት" አልኩት።

"ስኳር ይዞት ያልከፋው ማን አለ? አዲስ ብልቃጥ ስጫት፤ መጠኑን ጨምሪ።"

ይዟት የመጣው ወንድሟ ደግሞ "ኢማኗ፣ እምነቷ ደክሞ ነው። ቁርኣን እናስቀራላታለን" አለ።

"ይቀራላት። ኢማኗ ግን አልደከመም፤ የታመመችው ሌላ ነው" አልኩት።

"ተያቸው፣ ልጄ" አለችኝና ወጣች።

ረመዳን ሳይገባ ሞተች። ሐኪሙ ሲሰማ "መድኃኒቷን አትወስድም ነበር" ብሎ የሚቀጥለውን ካርድ አነሳ።

ለተዕዝያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ሐርቡ ወረድኩ። የሰጠኋት አዲሱ ብልቃጥ ሳይከፈት መስኮት ላይ ተቀምጧል። ወንድሟ "ቀደሯ ነው፤ አላህ የጻፈላት" አለኝ። እኔም በቀደር አምናለሁ። ብልቃጡን ግን ዓይቼዋለሁ።

መኖር ያስጠላውን ሰው መጠን መጨመር አያድነውም። ከሥራዬ የተማርኩት ይኼን ነው።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ፣ ለልጆቼ ቁርስ አቅርቤ ሥራ ገባሁ። ጣት ከመውጋቴ በፊት እያንዳንዱን ሰው "እንቅልፍ እንዴት ነው? መኖር አስጠልቶዎታል?" እያልኩ ጠየቅሁ። ሰልፉ አጉረመረመ። ከቢስቲማ የመጡ አንድ አዛውንት ሲጠየቁ አለቀሱ። ሐኪሙን አላስፈቀድኩም። እጃቸውን ይዤ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።