የሰይፉ ሰዓት በጋሽ ታደለ ኪስ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። የቤንዚን ሽታው ገና ከበሩ ሲቀበለኝ ልጅነቴ መጣብኝ። ሰዓት ሠሪው ከአያቴ የወረስኩትን የእጅ ሰዓት ከፍቶ በማጉያ መነጽሩ ሲያየው ቆየና ቀና አለ።

«እህቴ፣ ይኼ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ሰዓት ነው። ሰከንድ ለብቻው የሚቆጥርበት ቁልፍ አለው። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፈልገው አያገኙትም። አትሸጪውም?»

«አልሸጠውም» አልኩት።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ታደለ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ ይመጣልን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር፤ ኋላም ጋራዥ ተቀጠረ። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ካኪ ኮቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሰው ነበር። የሚመጣው እኔን ያሳደገችኝን አያቴን፣ እማማ በለጡን ሊጠይቅ ነው። ልጇ ሰይፉ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ አብራሪ ነበር። አንድ ቀን እንደበረረ አልተመለሰም። መርዶ ያመጣም አልነበረም። አያቴ «ተማርኮ ይሆናል» እያለች ዓመታት አለፉ።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጋሽ ታደለን ከጓሮ አጥራችን ሥር ቆሞ አየሁት። ከቆላው የሚወጣው ጉም ጫማውን ውጦታል። ከደረት ኪሱ ጥቁር ፊት ያለው ትልቅ ሰዓት አውጥቶ በዝግታ ይሞላል። እጁ ላይ ሌላ ሰዓት አስሯልና ገረመኝ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው የማን ነው?»

ደንግጦ ኪሱ ከተተው። «የአደራ ነው። ለእማማ እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሺ አልኩት።

ቤት ገብቶ ያመጣውን ሻማና ስኳር አስቀመጠ፤ እንደ ልማዱም አያቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አቀፈችው። ግን አለቀቀችውም።

«ታደለ፣ ልጄ፣ በቃ የሰይፉን ሰዓት ስጠኝ።»

ጋሽ ታደለ የደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬስ ደህና ነው። በሳምኩህ ቁጥር ደረትህ ላይ ሲመታ እሰማዋለሁ፤ የልጄ ሰዓት ድምፅ አይጠፋኝም።»

እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ቁልፉ ተጣብቆ አስተካክልልኝ ብሎ ሰጠኝ፤ ስመለስ እወስደዋለሁ ብሎ በረረ። ሲመቱት ከጎኑ ይበር የነበረው ጓደኛው በዓይኑ አይቷል፤ ዣንጥላው አልተከፈተም። እማማ፣ በየዓመቱ ልነግርዎት ብዬ እመጣለሁ። ደጅዎ ስደርስ አፌ ይያዛል።»

አያቴ ሰዓቱን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«አውቄ ነው ያልጠየቅሁህ» አለችው። «ይኼን ከሰጠኸኝ ወዲያ ምን ያመጣሃል? እሱንም አንተንም ባንድ ቀን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

ከዚያ እሪ አለች። ስትጮህ የሰማኋት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ስንት ዓመት የዘገየውን ለቅሶ ተቀመጥን። ጋሽ ታደለም ወደ ሥራው ሳይመለስ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከዘመድ ተራ ሐዘን ተቀመጠ። ለቀስተኛው «ወንድሙ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። አያቴ «አዎ» ትላለች።

መምጣቱን አልተወም። እንዲያውም አፉ ተፈታለት፤ በመጣ ቁጥር ስለ ሰይፉ ያወራን ጀመር። አሁን አያቴም ጋሽ ታደለም አርፈዋል። አጎቴን በዓይኔ ባላየውም፣ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄድ እንደሚያፏጭ አውቃለሁ። የበረራ ልብሱ ኪስ የገብስ ቆሎ እንደማይለየው አውቃለሁ። ጥይት ወደሚዘንብበት ሰማይ የሚገባው ሰው፣ የጦር ሰፈሩን በር የምትጠብቀውን ውሻ ፈርቶ በጓሮ ዞሮ ይገባ እንደነበርም አውቃለሁ። አያቴ ይኼን የሰማች ዕለት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች።

«ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር» አለች።