የፈረሱ ስም

የልጅ ልጆቼን ይዤ ከአብነት ሰፈር በታክሲ የሄድነው ሙዚየም የሆነውን የአንድ የድሮ ጌታ ቤት ለማየት ነበር። እዚያ ያየሁት የእግር ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ግን ጎጃም በረንዳ ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው የጌቶቻቸውን እግር ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። ጌቶቻቸው ያወጡላቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት እርጥብ መዳብ በሚሸት እጃቸው ያዙኝና፣ «እናቴ የምትጠራኝ ስም ጠፍቶብኛል። መጽሐፍ ላይ ካገኘሽው አደራ ንገሪኝ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው። እስኪሞቱ ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመው፣ «አገኘሽው?» ይሉኝ ነበር።

ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው አስጎብኚው ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነብባል። የጌታው ስም አለ፤ የእመቤቲቱም አለ፤ የፈረሱ ስም ሳይቀር አለ።

«እግር ያጠቡትስ ስም?» አልኩት።

«እናቴ፣ የእነሱ አልተመዘገበም።»

«ፈረሱ ተመዝግቦ?»

ወደሚቀጥለው ክፍል መራን። ስንወጣ ትንሿ የልጅ ልጄ ከጎብኚዎች መዝገብ ላይ እስክሪብቶውን አነሳች።

«እማማ፣ እኔ እጽፋቸዋለሁ። ስማቸው ማን ነበር?»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ።