እጁን ኪሱ የከተተ መካኒክ

ባለቤቴን ሰፈሩ «ጆሮ» ነበር የሚለው። መካኒክ ነበር። ሌላው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ሲጎረጉር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ በሽታውን ተናግሮ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ያ ጆሮ ግን እቤት ሲደርስ ደጅ ይቀራል። «ዳቦ አልቋል» የምትል ወሬ እንድትገባው ሦስት ጊዜ መጮኽ ነበረብኝ።

ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሰው ሲሞት ጥፋቱ አብሮት ይቀበራል ይባላል። የእሱ በዝቶ ስለተረፈ ጥቂቱን እጽፋለሁ።

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ ጭነት መኪና ሥር እንደተኛ ራሱን ሳተና እግሩን ጎትተው አወጡት። ሐኪሙ «ልብህ ደክሟል፣ እረፍ» አለው።

«የሐኪሙን መኪና ብትሰሚው» አለኝ ስንወጣ፣ «እረፍ መባል የነበረበት እሱ ነው።»

በማግስቱ ጋራዥ ገባ።

ጋራዡ ውስጥ ልጃችን አብራው ትሠራለች። ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ ተምራ እጇ ከእሱ እጅ ፈጥኗል፤ ይህን ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ልረከብህ ስትለው «ቀብረሽኝ» ይላታል። አንድ ሐሙስ እራት ላይ ተፋጠጡ።

«አባዬ፣ አንተ ሁለት ቀን ማረፍ አትችልም።»

«ሲያሻኝ ወር አርፋለሁ።»

«ወሩ ይቅርብህ። ቅዳሜና እሑድን መፍቻ ሳትነካ ከዋልክ ጋራዡ ያንተ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳብህም። ከነካህ ግን ሰኞ ጠዋት የጋራዡን ቁልፍ ታስረክበኛለህ። ዳኛዋ እማዬ ናት።»

«ዳኛዋ ለማን ነው የምታደላው?»

«ለእንቅልፌ» አልኩ።

የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ሰው ለመተኛት ብቻ የሚወጣባት አንዲት የተራራ ከተማ አለች። ልጃችን መኪናዋን ሰጠችን። የመሣሪያ ሳጥኑን ግን ከነክሪኩ አወረደችው።

«ጎማ ቢተነፍስስ?» አላት።

«ሰው ጥራ። አፍ አለህ አይደል?»

ውሉ ውስጥ ጆሮ አልገባም ነበር። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ሲያዳምጥ ሄደ። ሬዲዮ አይከፈት፣ መስኮት አይከፈት፣ እኔም አልከፈት። ዳገቱ መሀል ድንገት ዳር ይዞ አቆመ።

«ከፊት በኩል ቅርጭም ቅርጭም የሚል ነገር አለ።»

«ብስኩት ነው» አልኩት። አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ሳያፍር ብስኩቱን ተቀበለኝና ኋላ ወንበር ላይ ወረወረው።

የእንግዳ ማረፊያው ንጹሕ ነበር። ሁለት አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጥድ የሚያሳይ መስኮት። ችግሩ በሩ ነው፤ ሲከፈት ይጮኻል። ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ቀበረ።

«ዘይት ጠብ ቢደረግለት እኮ…»

«ተኛ።»

«መፍቻ አይደለም እኮ፣ ዘይት ነው።»

«ተኛ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ምሳ ሰዓት ላይ በረንዳ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች ስንበላ የማረፊያው ባለቤት በአሮጌ መኪናቸው ግቢ ገቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ፍሬን ሲይዙ ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ ወጣ። ባሌ ሹካውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይህች መኪና መቼ ነው የምትወጣው?»

«ነገ ጠዋት። የልጅ ልጆቼን ለእናታቸው ላደርስ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ።»

«አይወርዱም። የኋላው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ቀርቷል።»

«አውቃለሁ ልጄ። አዲሱን ሸራ ገዝቼ እኮ ኋላ አስቀምጨዋለሁ። አራት ወሩ።»

የከተማይቱ መካኒክ ደግሞ ለእረፍት ቆላ ወርዷል። ባሌ ተነሣ፣ እጁን ኪሱ ከተተና ዞሮ እኔን አየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ተስፋ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

«በፍጹም» አልኩት።

«እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

እንዲህ ሆኖ እኔ ለእረፍት የሄድኩት ሴትዮ ሽርጥ አስሬ መኪና ሥር ተንበረከክሁ። ሽማግሌው መሣሪያቸውን አምጥተው አጠገቤ ዘረገፉት።

«ልጄ፣ እጅህን አሞህ ነው?» አሉት።

«ውል አለብኝ።»

«መፍቻውን ወደ ግራ!» አለኝ። «ወደ ግራ አልኩሽ! ግራሽን አታውቂም?»

«ግራማ ከገባኝ ሠላሳ አንድ ዓመቴ!»

«ሞላውን በፒንሳ ያዢው። እንደ ሕፃን ጣት አትያዢው፣ ያዢው! እንዳይፈናጠር…»

ሞላው ተፈናጠረና ግንባሩን መታው። ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሁለት እጁ ሱሪውን ወጥሮ ሲንፈራገጥ አየሁ፤ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ራቅ ብሎ ሰደበኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎማውን መልሼ ገጠምኩ። ክንዴ ድረስ ግራሶ ነኝ።

«ዳዶዎቹን አጠበቅሽ?»

«አጠበቅሁ።»

«አምስቱንም?»

«ሰድበህ አልጠገብክም?»

ጎማውን ዞር ብሎ እያየ ገባ። ያን ቀን በጊዜ ተኛሁ፤ እንደ ድንጋይ። ጠዋት ስነሣ አስተማሪው ልጆቹን ይዘው ወርደዋል። እኛ ቁርስ በልተን ሳንጨርስ ስልክ ደወሉ፦ «በሰላም ደርሰናል። ፍሬኑም ጸጥ ብሏል። ለባለሙያዋ ንገርልኝ።» ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሳህን እንቁላል አዘዝኩ።

እሑድ አመሻሽ ላይ እቤት ስንገባ ልጃችን በር ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ነካ?»

«እጁ ከኪሱ አልወጣም። አይቻለሁ።»

የጠቆረ ጥፍሬን አይታ ሳቀች። «አንቺን አሠራሽ? አይ አባዬ! አይጥ ነህ እኮ። እሺ፣ አሸንፈሃል።» ሻይ ቀድታ ፊቱ አስቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ነገሩ አለቀ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ሰውዬው ሻዩን አማሰለ። ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ዝም ብሎ ያማስላል።

«ነክቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«የጎማ መፍቻ። ዛሬ ንጋት ላይ። እሷ ተኝታ ነበር።»

«ማን አየህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈህ?»

«ሁለቱ ዳዶ ላልቶ ነበር።»

በእውነት ያን ጊዜ ጋራዡ አላሳዘነኝም። ላልቶ ነበር ያለው ነው የቆጨኝ። ዳኝነቴን አፈረሰ፣ ሙያዬንም በልጄ ፊት አዋረደ፤ ባንድ አፍ።

«ሳትነግረኝ? እኔ ደግሞ ሁለት ሳህን እንቁላል በላሁ!»

«ጥሩ በልተሽ ነበር። ምን ብዬ ላንሣብሽ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ሕፃናት ይዘው የሚወርዱ ሰው ናቸው። ውል ነው ብዬ ልተኛ?»

ልጃችን አልሳቀችም። የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ሰኞ እስኪነጋ እንኳ አላስጠበቃትም። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሥቶ ገባ።

ሰኞን ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ወጣ። የሆነውን የነገረችኝ ልጃችን ናት። በር ላይ ቆሞ «ሥራ አለ?» አላት።

«ልምድ አለህ?»

«ትንሽ።»

«ከመኪና ሥር አትገባም። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትሰማለህ፣ የሰማኸውን ለእኔ ትናገራለህ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤትህ። ሁለት ሰዓት ነው የምንገባው፤ አሁን አሥር ደቂቃ አሳልፈሃል።»

ቀትር ላይ ፊቱ በርቶ ገባ። ሻዩን አንሥቶ ገና ሳይቀመጥ «አለቃዬ ክፉ ናት» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ብዘገይ በሰው ፊት ተቆጣችኝ። እንዲህ ያለች ክፉ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። አራቱንም ዓመት፣ በየቀኑ ምሳ ላይ፣ አለቃውን ሲያማ ኖረ።