ማሽን የሚያስቆመው ማናጀር

ባለፈው ሐሙስ... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... የሰው መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናዬን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ስሰልል ተያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ለልጆቼ አልነገርኩም፤ እናንተም አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ሙሉ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ የበርበሬ ፋብሪካ አላት። ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከጎማ መሸጫ ጀርባ ያለች መጋዘን ናት። በርበሬዋን ግን ያልቀመሰ የለም። ችግሩ ዘንድሮ ኦርደር በሰዓቱ አልደርስ አለ። ለሀበሻ ሱቆች የሚያከፋፍለው ዋናው ደንበኛዋ «ለዐቢይ ጾም ከዘገየሽብኝ ከሌላ ነው የምገዛው» ብሏታል። እሱ ከሄደ ፋብሪካው መዘጋቱ ነው።

ስለዚህ ማናጀር ቀጠረች። ናሆም ይባላል፤ የባሏ የእህት ልጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ትልቅ የዕቃ ማከፋፈያ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነበር። ገና ከመግባቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሽን ማስቆም!

ሙሉ ኮል አደረገችኝ። ቤቷ ብቻዋን ሆና እንኳ ታንሾካሹካለች።

«ስሚ፣ ይሄ ልጅ ሊቀብረኝ ነው። ረፋዱ ላይ መሸርከቻውን ያጠፋና ሠራተኞቹን ተቀመጡ ይላቸዋል። በሰዓት እየከፈልኳቸው ዩቲዩብ ያያሉ!»

«ምናልባት ማሽኑ ሞቆ...»

«ምን ሞቆ! ሰው ልኮት ነው። እነዚያ ሮክቪል ከተማ በርበሬ የሚያሽጉት ተፎካካሪዎቼ ናቸው የገዙት። ሄደሽ እይልኝ።»

እውነቴን ነው፣ እኔም ጠረጠርኩ። እዚህ አገር አለቃ «አረፍ በሉ» ካለ ቀጥሎ ሰዓት መቀነስ፣ ከዚያ ማሰናበት እንደሚመጣ የማያውቅ ማነው? ደግሞ ሙሉ ቤት ሳገኘው የልጁ ትሕትና በዛብኝ። ይሄን ያህል አንገት መድፋት ምን ሊደብቅ ነው?

እናም ሐሙስ እንዳልኳችሁ ተከናንቤ ተጋደምኩ። ብዙም ሳልቆይ መስኮቱ ተንኳኳ። ራሱ ናሆም!

«እትዬ፣ ደህና ነዎት? አሞዎት ነው?»

«አይ... ጸሎት ላይ ነበርኩ» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፈገግ አለ። «እትዬ ሙሉ ከላኩዎት ውስጥ ገብተው ቢያዩ አይሻልም? ውጭው ብርድ ነው።»

ገባሁ። ዓይኔን አቃጠለው፤ ማስነጠሱን ተዉት። ተቀንጥሶ የተሸረከተ በርበሬ በጆንያ በጆንያ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ልም አድርጎ የሚፈጨው ወፍጮ ዝም ብሏል፤ የማሸጊያው ጠረጴዛ ባዶ ነው። ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሠራተኛ መሸርከቻውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ቁጭ አሉ?»

«ማስቀመጫ የለማ ልጄ! ወይ እኔ ልውጣ፣ ወይ ጆንያው ይውጣ።»

«ወደ ወፍጮው አይሄድም እንዴ? ምን እየተጠበቀ ነው?»

ጋሽ ወርቁ ወደ ናሆም ዞሩ። ናሆም በአገጩ ወደ አንዲት የተቆለፈች በር አሳየኝ። የቅመም ክፍል ናት፤ በርበሬው ቅመሙ ሳይገባበት ወደ ወፍጮው አይሄድም። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ ነጭ አዝሙዱን መጥኖ የሚቀላቅል ከሙሉ በቀር ሰው የለም። ቁልፉም አንድ ነው፤ አንገቷ ላይ። ሙሉ ደግሞ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ከምትኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ታንቃ እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች። ከውስጥ ቆልፋ ትንሽ ትቀላቅልና፣ ልጆቿን ልታመጣ ትበራለች።

«መሸርከቻው ሌት ተቀን ቢሠራ የሚጨምረው ጆንያ ነው» አለኝ ናሆም። «በርበሬ የሚወጣልን እሳቸው ቅመም በቀላቀሉት ልክ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«ምን ብዬ እትዬ? 'ማነቆው እርስዎ ነዎት' ልበላቸው? እዚህ አገር ያመጡኝን ሰው? ቅመሙን ልማር ብል ደግሞ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። እኔ ሙያቸውን አልፈለግኩም። እሑድ እሑድ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ቀላቅለው በርሜል ሙሉ ቢተዉልን ይበቃል። ምን እንደገባበት ማንም አያይም።»

ይኸው ነው? ይኸው ነው! ጠላት ፍለጋ መጥቼ ጓደኛዬን አገኘኋት።

በማግሥቱ ቤቷ ሄድኩ። ከልጆቹ ጀመርኩ፣ በአየሩ ዞርኩ፣ አለሳልሼ አለሳልሼ ነገርኳት። አፍጥጣ አየችኝ።

«ስንት ሰጡሽ?»

«እነማን?»

«በአንድ ቀን እንዲህ ገለበጡሽ? የተቀላቀለው ከክፍሉ ከወጣ ላቦራቶሪ ወስደው አያስመረምሩትም? የእናቴ እጅ እኮ ነው!»

እኔም ተናደድኩ። «ሙሉዬ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ክፍሉን ቆልፈሽ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

ቁልፉን በጣቷ ስታሻሸው፣ ስታሻሸው... ዓይኗ እንባ አቀረረ። ንዴት ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

«እሺ። አንድ ሳምንት። በርሜሉ አጠገብ ግን አንቺ ነሽ የምትቀመጪው።»

ይኸውላችሁ፣ ከስለላ ወደ ዘብነት አድጌ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ዛሬ ጠዋት ናሆም ደውሎ ሳቁ እየቀደመው «እትዬ ሙሉ ካሜራ አስገጠሙ» አለኝ።

«በርሜሉ ላይ?»

«አይ... ወንበርዎ ላይ።»

የጾሙ ኦርደር በሰዓቱ ይውጣ አይውጣ፣ ጓደኝነታችንም ይትረፍ አይትረፍ፣ እንዳየሁ ለእናንተ ነው የምነግረው። እስከዚያው እጄን ኪሴ ሳልከት ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እየተለማመድኩ ነው።