ወደ ኋላ የሄደው ሊትሪና

ልጅ እያለሁ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስንኖር፣ ሊትሪና በምንለው የመንገደኛ ባቡር መስኮት አንገቴን አስግጌ ግራሮቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ እንደማየት የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የሥዕል መምህራችን መምህር ገመቹ ያንን ሩጫ መድረክ ላይ ሊያመጡልን መሆናቸውን ሲነግሩን ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። «ባቡሩ ንቅንቅ አይልም፤ የሚሄደው አገሩ ነው» አሉን እየሳቁ።

ዝግጅቱ ለሠራተኞች ቀን በቀበሌው አዳራሽ የሚቀርብ ነበር። እናቶቻችን አቡጀዴ ጫፍ ለጫፍ እየሰፉ አረዘሙልን። እኛም ሳምንቱን ሙሉ ግራር፣ የሸንኮራ አገዳ ማሳና ጭሱን የሚያትጎለጉል ፋብሪካ ስንሥልበት ከረምን። የቀለሙ ሽታ ከእጃችን አልለቅ ብሎ ምሳችን ሁሉ ቀለም ቀለም ይለን ነበር። አናጺው አባቴ ሊትሪናውን ከጣውላና ከካርቶን ሠራ፤ በመድረኩ ግራና ቀኝም የሚሽከረከሩ ምሰሶዎች አቆመ። በተመልካቹ ቀኝ የተጠቀለለው ጨርቅ ግራው ምሰሶ ሲዞር እየተፈታ ከጀርባችን ያልፋል። ስንለማመድ እውነትም ባቡሩ በረረ። ሾፌሯ እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴ ለብቻው ነበር።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ አዳራሹን ከሞላ በኋላ የቀበሌው ካድሬ እኛ ወዳለንበት ወደ መጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ሊትሪናውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ከሕዝቡ በኩል ሲታይ ወደ ቀኝ ነው እኮ የሚሄደው! የአብዮቱ ባቡር ቀኝ መንገደኛ ሆነ? አዙሩት!»

«ጓድ፣ ባቡሩ ከዞረ ጨርቁም በሌላው ምሰሶ እንደገና መጠቅለል አለበት» አሉ መምህር ገመቹ። «አለዚያ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ትንሽ ጊዜ ይስጡን።»

«ሕዝብ አይጠብቅም! አዙሩት ብያለሁ።»

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሊትሪናውን አነሳና አዞረው።

መጋረጃው ተከፈተ። «ወደፊት! ወደፊት!» እያልን መዘመር ስንጀምር ጨርቁ ተንቀሳቀሰ። ግራሮቹ ከኋላዬ መጥተው ቀድመውኝ አለፉ፤ ፋብሪካውም ተከተላቸው። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ፣ «ኧረ ባቡሩ ወደ ሞጆ ተመለሰ!» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኞቼ መዝሙሩን አቆሙ። እኔ ከካርቶኑ መስኮት ሥር ዝቅ አልኩ።

ካድሬው መድረክ ላይ ሲወጣ ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። «በአብዮቱ የቀለደው ማነው?»

መምህር ገመቹ ከምሰሶው ጀርባ ወጡ። «እርስዎ ነዎት ያዘዙት» ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ወደቆመበት አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። አባቴ መዶሻውን ያይ ነበር።

«ስህተቱ የኔ ነው። ግለ ሂሴን አቀርባለሁ» አሉ።

በእኛ በተማሪዎቻቸውና በወላጆቻችን ፊት፣ አንገታቸውን ደፍተው ባልሠሩት ጥፋት ራሳቸውን ሲወቅሱ ሰማን። እውነቱን የምናውቅ ሁሉ እግራችንን እግራችንን አየን። ሲያበቁ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ይዘዋቸው ወጡ። ያን ዕለት ማታ አባቴ ራቱን ሳይነካ ተነሳ። በማግሥቱም እንደዚያው። እናቴ ምንም አልጠየቀችውም፤ እሷም አዳራሹ ውስጥ ነበረች።

መምህር ገመቹ ጥቂት ቀን ታስረው በተፈቱ ማግሥት፣ አባቴ በጠዋት እጄን ይዞ ቤታቸው ወሰደኝ። ጺማቸው አድጓል፤ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። ደጃፋቸው ላይ ሲያዩን ቀድመው፣ «አካም ቡልተኒ?» አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

«መምህር... ቆሜ ሰምቼ ነበር እኮ። ሲያዝዝዎት ሰምቼ ነበር» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ።» እኔን አዩኝ። «እንኳንም ዝም አሉ። ልጆች አሉዎት።»

ይህን ሲሉ ከበሩ ጀርባ የእሳቸው ሕፃን ያለቅስ ነበር።

እስከ ቤታችን ድረስ አባቴ እጄን አልለቀቀም፤ ግን አንድ ጊዜም አላየኝም። መምህር ገመቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ አላየናቸውም።

ዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ መንገዱንና ዛፉን እያንሸራተቱ የቆመች መኪና ሲያስሮጡ አያለሁ። አቅጣጫው ሲሳሳትባቸው ከት ብለው ይስቃሉ፤ በጣታቸው ነካ አድርገው ያስተካክሉታል፤ ማንም አይጠየቅበትም። ለእነሱ ደስ ይለኛል። እኔም ወላጅ ሆኜ አባቴ ለምን ዝም እንዳለ ገብቶኛል። ገባኝ እንጂ አልቀለለኝም። የእኔ አባት ያን ሰሞን ከእኛ ጋር ያደረው የሌላ ልጅ አባት ስለታሰረ መሆኑን ሳስብ፣ ዛሬም ማንም ሳያየኝ አንገቴን እደፋለሁ።