ኒካሁ እስኪታሰር ያልጠፋው ስልክ

ነገሩ የሆነው ስማርት ስልክ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ገና መለመድ በጀመረበት ጊዜ ነው። ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ስለነበርኩ ያን ቀን ያደረግሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ በወንድሜ የስልክ መጠገኛ ሱቅ እሠራ ነበር። ደንበኛ የሚያነጋግረው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ዕቃ ሊያመጣ ደሴ ሄዶ ነበር።

አያ ሰይድ የሚባሉ አባት ከከላላ በበቅሎ መጡ። ልጃቸው ዐረብ አገር ልታገባ ነው። እዚያ ያሉት ሸህ ኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን፣ እንዲያስሩ አባት ሸሁን በገዛ አንደበታቸው መወከል አለባቸው። ሸሁ ፊታቸውን እያዩ ሊሰሟቸው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይደውላሉ። የአያ ሰይድ ስልክ ግን የምስል ጥሪ ሲከፈት ይግልና ይጠፋል። ባለፈው ጁምዓም በዚሁ ምክንያት ኒካሁ ሳይታሰር ቀረ።

ስልኩን ከፍቼ አየሁት። የወንድማቸው ልጅ እንዲፈጥን ብሎ አንድ ፕሮግራም ጭኖበታል። ፕሮግራሙ የስልኩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሁልጊዜ በመጨረሻው ፍጥነት ያሠራዋል። አያ ሰይድ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አያ፣ በቅሎዎን ዳገቱንም ሜዳውንም ሲያስጋልቧት ቢውሉ ምን ትሆናለች?"

"ትሞትብኛለቻ።"

"ይሄም እንደዚያው ነው።"

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ይቺ ልጅ ምላስ ካላት ዓመት ሙሉ ለምን በጥቅሻ ታናግረናለች?" አለ። ፊቴ ጋለ።

ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁት። ስልኩ በረደ። በሱቁ ስልክ ደውዬ ስሞክረው ግን ምስሉ ቆመ፤ ድምፁም ተቆራረጠ። አያ ሰይድ ቃላቸው ተቆራርጦ ከደረሰ ሸሁ እንደማይቀበሏቸው ነገሩኝ። አንድ አንድ ደረጃ እየጨመርኩ ሞከርኩ። መካከል ላይ ምስሉም ድምፁም ተስተካከለ። ከዚያ በላይ እንዳይወጣ፣ ሥራ ሲያጣ ደግሞ ራሱ እንዲወርድ አደረግሁት።

ተደወለ፤ ሸሁና ሙሽራው ጎን ለጎን ታዩ። ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው። አያ ሰይድ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ "ልጄን ለዚህ ልጅ እንዲድሩልኝ ወክዬዎታለሁ" አሉ። ሸሁ አስደገሟቸው። ስልኩ መዳፌ ላይ ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ሙሽራው ተቀብያለሁ ሲል ሁላችንም ሰማን። ከወዲያ እልልታው ቀለጠ። አያ ሰይድ እያለቀሱ ለእኔም ዱዓ አደረጉልኝ።

ሙሽራዋን አይቻት አላውቅም። ልጆች ወልዳለች ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። የአባቷ ቃል የደረሰላት በእኔ እጅ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም።